የሁለቱ መጽሔቶች ቆጠራ

አሰላ፣ ሰኞ ጥቅምት 14 ቀን 1953 ዓ.ም.

ዛሬም መቁጠር። የእርሻ ጣቢያችን ከሚያስመጣቸው ሁለት የሳይንስ መጽሔቶች፣ ከአሮጌውና ከአዲሱ፣ አንዱ ሊቀር ነው፤ ለሁለቱ በጀት የለም። ኃላፊያችን ዶ/ር ፍቃዱ መላ ዘየዱ፦ ከ1948 ወዲህ ከወጡት ጽሑፎች ውስጥ ሌሎች ተመራማሪዎች የየትኛውን አብዝተው እንደጠቀሱ ቆጥሬ ላቅርብ። አሮጌው እየመራ ነው። ደስ ብሎኛል፤ የምወደው እሱን ነው። ባልደረባዬ ከድር ግን አዲሱን ይፈልጋል። የስንዴ ዋግ ላይ የሚሠራው እሱ ነው፤ ስለ ደጋ ዋግ የሚጽፈው ደግሞ አዲሱ ብቻ።

ሐሙስ 17፣ ከሰዓት

ስብሰባ። አሮጌው አሸነፈ። ከድር ስለ ዋጉ ሊያስረዳ ሲጀምር አቋረጥኩት፤ ቁጥር ወዳጅ አያውቅም ብዬ። ሰው ሳቀ። ከድርም ፈገግ ብሎ ተቀመጠ። አዲሱን የሚያሰርዘው ደብዳቤ ማክሰኞ በአውቶቡስ ይሄዳል። የምጽፈው እኔ። ደረቴን ነፍቼ ቤቴ ገባሁ።

አርብ 18

ወይ ጉዴ! ደብተሬ፣ ላንተም መንገር አፈርኩ። ደብዳቤው ውጭ አገር ስለሚሄድ ቀኑን በፈረንጅ ልጽፍ ስል እጄ ቆመ። ዶ/ሩ 1948 ያሉት በእኛ ነው፤ ያለፉትን አምስት ዓመታት ማለታቸው። እኔ መጽሔቶቹ ላይ የታተመውን አይቼ ከፈረንጅ 1948 ጀመርኩ። ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ! አዲሱ ያኔ መታተምም አልጀመረም ነበር። አሮጌው የመራው ባረጁ ጽሑፎቹ ነው። እንደገና ቆጠርኩ። አዲሱ ይበልጣል፣ ያውም በሰፊው። ይህን የአራተኛ ክፍል ተማሪ አይስተውም።

ማንም አላወቀም። ዝም ልበል?

እሑድ 20

ከቤ/ክ ስመለስ ከድርን መንገድ ላይ አገኘሁት። ከማሳ መምጣቱ ነው፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ በዋግ ብናኝ ቀልቷል። ይወቅሰኛል ብዬ ነበር። «ኦቦ ታደሰ፣ ያንተው ልክ ነው፤ እኔ የራሴን ሥራ ብቻ አይቼ ነው፣ አፉ በለኝ» አለኝ። ከዚያ ለመነኝ፤ አዲሱ ከእንግዲህ ስለማይመጣ እጃችን ላይ ያሉትን ቅጾቹን ቤቱ ወስዶ በእጁ ሊገለብጥ። የገበሬው ስንዴ ዘንድሮ በዋግ ተበልቷል፤ ለከርሞ ምን ዝሩ እንደሚላቸው ጨንቆታል። እሺ አልኩት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እኔን ይቅርታ ይጠይቀኝ!

ሰኞ 21፣ ጧት

ደብዳቤውን ቀደድኩ። ለዶ/ሩ ብቻ ሹክ ብል ይቀለኝ ነበር፤ ግን ሰውየውን ያዋረድኩት በሰው ፊት ነው። ስብሰባ ይጥሩልኝ አልኳቸው። ለምን ቢሉኝ ሁሉም ባለበት እናገራለሁ አልኩ። አሁን ሁሉም እየገቡ ነው። ከድር አጠገቡ ወንበር ስቦ ና ተቀመጥ ይለኛል። አልቀመጥም። ቆሜ ነው ስቼ እንደቆጠርኩ የምናገረው፣ ከድርንም አፉ በለኝ የምለው።