የዘገየ ለቅሶ

ለልጄ ለሂንድ፤ አላህ ከአገሩ ብርድም ከክፉ ዓይንም ይጋርድሽ። እኔና አባትሽ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። ይህን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው! እዚሁ ኮምቦልቻ በማታው መሠረተ ትምህርት ከአርባ ሴት አንደኛ ወጣሁ። መምህሩ «እትዬ ዘይቱና፣ ጠመኔውን ጨረሱት እኮ» ቢለኝ፣ «ደሴ ሂድና አምጣ፣ እኔ ገና መጀመሬ ነው» አልኩት።

አጎትሽ ዓብዱ ደብዳቤሽን ሲያነብልኝ «ደህና ነች፣ ትማራለች» ብሎ ያጥፈው ነበር። አሁን አሮጌዎቹን አውጥቼ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኳቸው። ለካ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ የምትማሪበትን ገንዘብ የሚከፍሉልሽ ተማሪ ልጃቸው የሞተባቸው ባልና ሚስት ናቸው! በእሱ ስም የሰው ልጅ ያስተምራሉ። ዓብዱን «ምነው ደበቅከኝ?» ስለው፣ «እንዳታለቅሺ ብዬ» አለኝ። አለቀስኩ፤ አልቅሼም መረቅኋቸው።

ልጄ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እንጀራቸውን እየበላን ለቅሶ አልደረስንም! እኛ ወሎዎች እስላም ክርስቲያን ሳንል እንደርስ የለም ወይ? እባክሽ ቤታቸው ሂጂ። ከእናቲቱ አጠገብ ተቀመጪ፣ ስለ ልጇ ታውራሽ። «እናቴ ናት የላከችኝ፤ የዘገየችው ማንበብ ስላልቻለች ነው» በያት።

አላህ ልባቸውን ያሳርፍ፤ አንቺንም በተራሽ የሰው ልጅ የምታስተምሪ ያድርግሽ።

እናትሽ ዘይቱና፣ በጣት አሻራ ሳይሆን በብዕር።