ስልኬ ወደ ደልጊ ሄደ

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 22 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ባሕር ዳር። ሰማዩ ብራ ነው፤ ከጣና ቀዝቃዛ ነፋስ ይመጣል። ቤት የዋልነው እናቴ፣ ልጄ ሰናይትና እኔ ነን።

እናቴ ከሐይቁ ማዶ፣ ከደልጊ፣ በጀልባ መጥታ ሰንብታለች። ዛሬ ምሳ ላይ ስልኬ ላይ እንዳቀረቀርሁ፣ «እማ፣ መቼ ነው የምትሄጂው?» አልኋት።

«እሑድ ነው ስልሽ ሰነበትሁ። ለግድግዳው ብነግረው ይሰማኝ ነበር።»

ስልክ ሳይኖረኝ በየበዓሉ ደልጊ እሄድ ነበር። አሁን ድምፅዋን ከሰማሁ የጠየቅኋት ይመስለኛል። ስኳርና ጨው ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ማንበብ የተማርሁ ሴት፣ ዛሬ አንድ ገጽ አልጨርስም። ጣቴ ቪዲዮ ሲገፋ ይውላል።

ስልኩን አጠፋሁና በእናቴ አገልግል ውስጥ ከተትሁት። «ይዘሽልኝ ሂጂ።»

ሰናይት ሳቀች። «አትችይም እማዬ። ማታውኑ የእኔን ትለምኛለሽ።»

«አልለምንሽም።»

እናቴ ክዳኑን በጠፍሩ አጥብቃ አሰረችው። «እኔ አልልክልሽም። ስትፈልጊው መጥተሽ ውሰጂ። መንገዱን ብትረሺው ጀልባው ያውቀዋል።»

እሑድ ጠዋት። እናቴን ወደብ ድረስ ሸኘሁ። ጀልባው ሲነሣ ፎቶ ላነሣት እጄን ኪሴ ከተትሁ። ባዶ ነው። በዚያው እጄ አውለበለብሁላት። ጀልባው ከዓይኔ እስኪሰወር አልተንቀሳቀስሁም። ከዚያ ትኬት ቆራጩን የሚቀጥለው ጀልባ መቼ እንደሚሄድ ጠየቅሁት።

«ቀኑ አልተቆረጠም። ቁጥርዎን ይስጡኝ እትዬ፣ እንደውላለን።»

«ስልክ የለኝም» አልሁት። «እየመጣሁ እጠይቃለሁ።»