ለቁመታችን የሚሆን ጋቢና

ይድረስ ለእናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ እማዬ? ወገብሽን እንዴት አደረገሽ? ያ አዲሱ መድኃኒት ተስማማሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ሁለት ቀን ውጠሽ መሳቢያ ውስጥ ወረወርሽው? እኔ ደህና ነኝ። አማችሽም ደህና ነው፤ አንድ እግሩ በፋሻ ተጠቅልሏል እንጂ የሚያሰጋ ነገር የለበትም። ምን እንዳገኘው ወደ ታች ታነቢዋለሽ። ደንግጠሽ ደብዳቤውን እንዳትጥይው አደራ።

ብደውል እንደማታነሺ አውቃለሁ። የማብረር ፈቃድ ማውጣቴን ከሰማሽ ወዲህ ወሬሽን የማገኘው በአክስቴ በኩል ብቻ ነው፤ እሷም "ደህና ናት፣ እንደተኮሳተረች ናት" ከማለት ሌላ ትርፍ ቃል አይወጣትም። ኩርፊያሽን እችለዋለሁ፣ ያደግሁበት ነው። ያልቻልኩት ያን ቀን ስንለያይ የተናገርሽውን ነው። እኔ እንደ እብድ እየጮህኩ፣ አባዬ የሞተው በአደጋ ነው፣ አደጋ ደግሞ መኪናም ላይ አለ ስልሽ፣ ዓይንሽን ከመስኮቱ ሳታነሺ "አባትሽ አውሮፕላኑን ከኮረብታው ማዞር አቅቶት መሰለሽ? አልፈለገም" አልሽኝ። ከዚያ መኝታ ቤት ገብተሽ በሩን ዘጋሽ። እኔ ሳሎን መሀል እንደተገተርኩ ቀረሁ።

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ያቺ ንግግርሽ ከጆሮዬ አልወጣችም። ዛሬ የምጽፍልሽም ስለእሷ ነው፤ ግን ከአውሮፕላኑ ካልጀመርኩ አይገባሽም።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። የምዞርባቸው የከብት እርባታዎች ተራርቀዋል፤ በመኪና ሄጄ አንዷን ላም አዋልጄ እስክመለስ ሌላዋ ትሞትብኛለች። ስለዚህ ከአማችሽ ጋር ተማክረን ያገለገለች ትንሽ አውሮፕላን ለመግዛት ቆረጥን። ችግሩ ቁመታችን ነው። እኔን ወልደሽኛል፣ መናገር አያሻኝም። እሱ ደግሞ ከእኔም ያልፋል። የሰፈሩ ሰው "ምሰሶዎቹ" ነው የሚለን። እነዚህ ትንንሽ አውሮፕላኖች ደግሞ የተሠሩት ለሻጩ ዓይነት ሰው ነው መሰለኝ። ሻጩ ቁመቱ ትከሻዬ ጋ ይደርሳል፤ ወሬው ግን ከሁላችንም ይረዝማል።

የመጀመሪያዋ ውስጥ ስገባ ራሴ ጣሪያ ነካ። የጆሮ ማዳመጫውን ሳደርግማ አንገቴን ሰብሬ ነው የተቀመጥኩት። ይሄ ለማብረር ነው ወይስ ለንስሐ ብዬ ብጠይቀው፣ "እህቴ፣ አውሮፕላን ነው እንጂ አዳራሽ አይደለም" አለኝ። ሁለተኛዋ ሰፊ ነበረች። መሪዋ ከወለሉ በእግሮች መካከል ብቅ ያለ ዱላ ነገር ነው፤ ጉልበት አይነካም። ግን ቀለሟ ተላጥቷል፣ በሯ ሲዘጋ እንደ አሮጌ ቁምሳጥን ያቃስታል። አማችሽ ፊቱን አዞረባት። ሦስተኛዋ ጋ ስንደርስ ግን ፈገግ አለ፤ ነጭ፣ ንጹሕ፣ ወንበሮቿ በአዲስ ቆዳ የተለበጡ።

እኔ ገና ከሩቅ ሳያት አወቅኳት። አባዬ የሚያበራት አውሮፕላን ክንፍ ላይ ክንዱን አስደግፎ የተነሣው ፎቶ ትዝ ይልሻል? ሳሎን ተሰቅሎ የነበረው፣ በኋላ አንቺ ያወረድሽው? የዚያችው ዓይነት ናት። ይቺ በእርግጥ ከዚያችኛዋ በኋላ የተሠራች ናት፤ ሻጩ ግን ከቀለምና ከሞተር በቀር ምንም አልተለወጠም አለ። ለአማችሽ አልነገርኩትም። ብነግረው እጄን ይዞ ያስወጣኝ ነበር። እኔ ደግሞ አባዬ የተቀመጠበት ዓይነት ወንበር ላይ መቀመጥ ፈለግሁ። ያ ሰው ለምን ሳያዞር እንደቀረ ወንበሩ የሚነግረኝ ይመስል።

ወንበሩ በሐዲድ ላይ ነው የሚሄደው። ሻጩ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ገፋልኝና "ይኸው! ዘርጋ በይ!" አለ። እግሬን ዘረጋሁ። መሪውን ወደ ግራ አዞርኩት፣ ዞረ። ወደ ቀኝ አዞርኩት፣ ዞረ። ምንም የሚነካው ነገር የለም። አማችሽ በመስኮቱ እያየኝ ይስቃል። እኔ ግን ምን እንደተሰማኝ ልንገርሽ? ተናደድኩ። በአባዬ ተናደድኩ። ይሄን ያህል ሰፊ ቦታ ይዞ፣ ደህና ሞተር ይዞ፣ ለምን አላዞረም? ያን ሰዓት እናቴ እውነቷን ነው አልኩ። እኔንም አንቺንም አውቆ ነው የተወን አልኩ።

ከዚያ ለሙከራ ተነሣን። ሻጩ ከቀኜ ተቀመጠ፤ እኔ አባዬ ቦታ። አማችሽ ምድር ላይ ቁጭ ብዬ አልጠብቅም ብሎ ከኋላዬ ገባ። ጉልበቶቹ መደገፊያዬን ሰርስረው ሊገቡ ምንም አልቀራቸው፤ "ኧረ እግሬን ቆረጥሽው!" እያለ ያማርራል። አዘንኩለትና ወንበሬን ወደፊት ሳብኩለት። ረዥም ሰው ለረዥም ሰው ያዝናል። እንዲህ ያለ ደግነት ሰው ይገድላል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ስንወጣ ሁሉ ነገር ሰላም ነበር። አየሩም ዝም ያለ፣ ረጋ ባለ እጅ ብቻ የሚነዳ። ልናርፍ ማኮብኮቢያው ፊት ለፊታችን እንደታየ ነፋስ ከጎን መጣና የግራውን ክንፍ ወደ ላይ አነሣብኝ። አውሮፕላኗ ወደ ቀኝ አዘነበለች። መሪውን ወደ ግራ አዞርኩት፤ ግማሽ ድረስ ሄደና ቀጥ አለ። እንደገና ታገልኩት፣ ንቅንቅ አይልም። ሻጩ የራሱን መሪ ያዘ፤ ሁለቱ መሪዎች ተያያዥ ናቸው፣ የእኔ ከቆመ የእሱም ይቆማል። "ልቀቂው! ልቀቂው!" እያለ ይጮኻል። የያዝኩት እኔ አይደለሁም ብዬ እኔም እጮኻለሁ። የአንድ ቤት ጣሪያ ከቀኝ ክንፋችን ሥር ሲያልፍ አየሁ፤ ጣሪያው ላይ ልብስ የሚያሰጡ ሴትዮ ቀና ብለው አዩኝ። እማዬ፣ ያን ጊዜ የመጣሽብኝ አንቺ ነሽ። አሁን ይቺም አልፈለገችም ትላለች አልኩ በልቤ።

የደረሰልን አማችሽ ነው። ከኋላ ሆኖ መሪው የት ላይ እንደተሰነቀረ አየ፤ ጭኔ ላይ ነበር። እጁን ወደ ታች ሰዶ የወንበሩን ማንሻ ሳበና እኔን ከነወንበሬ ወደ ራሱ ጎተተኝ። የወንበሩ ብረት ቅልጥሙን ልጦት ገባ። መሪው ዞረ። ክንፉ ወረደ። እንዴት እንዳረፍን አላስታውስም፤ ጎማዎቹ ሲነኩ ብቻ ነው የሰማሁት።

ሻጩ ላቡን እየጠረገ "ነፋስ ነው፣ ነፋስ ያለ ነው" ይላል። አማችሽ በአንድ እግሩ እየነጠረ ወረደ። እኔ ግን አልወረድኩም። ሞተሩ እንደጠፋ ወንበሬን ወደፊት መለስኩትና መሪውን ወደ ግራ አዞርኩ። ጭኔ ላይ መጥቶ ቆመ። ጉልበቴን ወደ ውጭ ላሸሸው ስል በሩ ያዘኝ፤ ወደ ውስጥ ስል የመሪው ምሰሶ። ደጋግሜ ሞከርኩት። አማችሽ ከውጭ ሆኖ አበደች ብሎ ሳይፈራ አልቀረም። እያለቀስኩ ነበርና።

ምን ትዝ እንዳለኝ ልንገርሽ። አንቺው ነሽ ያጫወትሽኝ፣ ገና ስለእሱ ማውራት ሳትተዪ በፊት። አባዬ በአውሮፕላኑ ጋዜጣ ወደየከተማው ሲያደርስ፣ ጫኞቹ አንድ እሽግ ከተረፋቸው ወንበሩን ወደፊት ገፍተው ከኋላው ይወትፉበት ነበር። ማታ ቤት ሲገባ ሶፋው ላይ ቁጢጥ ብሎ፣ ጉልበቱን አገጩ ጋ አድርሶ፣ "እንዲህ ሆኜ ነው የዋልኩት!" እያለ ያሳይሻል፤ አንቺም እንባሽ እስኪፈስ ትስቂያለሽ። በወደቀበት ቀን እርሻው ሁሉ በጋዜጣ ነጭ ሆኖ እንደነበር አክስቴ ነግራኛለች። የእርሻው ሰዎችም አውሮፕላኑ ኮረብታው ጋ ሲደርስ ወደ ግራ ትንሽ ዘንበል ብሎ ነበር፣ ግን ሳይዞር ቀረ አሉ። አንቺ ይሄን ሁሉ ዓመት እንዲሁ ስታመላልሺው ኖረሻል። ጀምሮ የተወው መስሎሽ። እማዬ፣ እኔን ከኋላ የሚጎትት ሰው ነበረኝ። አባዬ ከኋላው የነበረው የታሰረ ወረቀት ብቻ ነው።

በወደቀበት ዕለት ጠዋት በር ላይ ምን ብለሽ እንደሸኘሽው አውቃለሁ፤ በዚያ ቃል ተከፍቶ ሳያዞር የቀረ መስሎሽ እንደኖርሽም። አክስቴን አትቆጪያት፣ ጠምዝዤ ነው ያናገርኳት። እዚህ አልደግመውም። ባልና ሚስት ሲኳረፉ የሚባባሉት ነው፤ እኔም አማችሽን ስንቴ እንዲያ ብዬ አስወጥቼዋለሁ፤ ማታ ተመልሶ እራት ምንድን ነው ይለኛል።

ነጯን ተውናት። ያቺን በሯ የሚያቃስተውን ልንወስድ ነው፤ አማችሽም አሁን ቆንጆ ናት እያለ ቀለም እየመረጠላት ነው። አትብረሪ ካልሽኝ አሁንም እንጣላለን። ግን በዚህ እንጣላ፣ በዚያኛው አይደለም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ግራ ጭኔ ከጉልበቴ ከፍ ብሎ በልዟል፤ የሳህን ጠርዝ ያረፈበት ይመስል ቅስት ሠርቷል። መጀመሪያ ቀላ አለ፣ ወደ ማታ ጠቆረ። አባዬ ሆስፒታል ራሱን ሳያውቅ እስከ ማታ በሕይወት በቆየ ጊዜ ልብሱን ያወለቅሽለት፣ ገላውን ያበስሽለት አንቺ ነሽ። እኔን ልጅ ናት ብላችሁ አላስገባችሁኝም። አክስቴ እንደምትለው ሐኪሙን ስለሌላው ቁስሉ ሁሉ ምንም ሳትጠይቂው፣ አንድ የበለዘ ቦታ ብቻ በጣትሽ እያሳየሽ "ይሄስ ከምን የመጣ ነው?" አልሽው። እሱም ሳይመልስልሽ ሄደ።

የት ቦታ እንደሆነ አክስቴን አልጠየቅኳትም፤ የምታውቂው አንቺ ነሽ።

ወገብሽን ምሮ፣ ሌሊቱን እንቅልፍ ሰጥቶ፣ በፈገግታ ያገናኘን። አማችሽ ጉልበትሽን ይስማል። መልስ አትጻፊልኝ፤ ስደውል ብቻ አንሺው።

ቁመቷን ከአባቷ፣ እልኳን ካንቺ የወሰደችው

ልጅሽ