ትራስ የሌላቸው አሥራ ሁለት አልጋዎች

ለተከበሩ የእንጨት ሥራ ውጤቶች ጥራት ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ለራስዎም፣ ለወንበርዎም፣ ለማኅተምዎም ጭምር ጤና እመኛለሁ። እኔ ከገበያው ጀርባ ባለችው ሱቅ ሃያ ዓመት ሙሉ መላጊያ ስገፋ የኖርኩ አናጢ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው፣ ቀደም ሲል አሽጌ የላክኋቸው ሦስቱ ጠረጴዛዎ ላይ ጥሩ እንቅልፍ ስለወሰዳቸው እንዳልቀሰቅሳቸው ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጤና ጣቢያው የማዋለጃ ክፍል አሥራ ሁለት የሕፃናት አልጋ አዘዘኝ። እዚያው አዋላጅ የሆነችው ልጄም እንደ ተማሪ አስቀምጣ አስተማረችኝ፦ ሕፃን በጀርባው ይተኛል፣ ፍራሹ ጠንከር ብሎ ከአልጋው ጋር ልክክ ይላል፣ አንሶላው ይወጠራል፤ ከዚያ ወዲያ ትራስ የለ፣ ብርድ ልብስ የለ፣ አሻንጉሊት የለ፤ ሕፃን ፊቱ ላይ የወደቀበትን ነገር ማንሳት አይችልምና ይታፈናል። እንዳለችኝ አድርጌ ሠራሁ። የእርስዎ ማኅተም ያላረፈበት አልጋ ከሱቅ እንዳይወጣ ስለተከለከለ ተቆጣጣሪዎ መጡ። ስለመጡም አመሰግናለሁ፤ ቅሬታዬ የሚጀምረው ግን ከዚሁ ነው።

፩. ተቆጣጣሪዎ የያዙት ቅጽ አልጋን ሁሉ በእኩል ዓይን የሚያይ፣ ለሙሽራም ለጨቅላም የማያዳላ በመሆኑ፣ አልጋዎቼ ትራስና ብርድ ልብስ የላቸውም ተብሎ «ያልተሟላ» የሚል ወረቀት ተለጠፈባቸው። ቅጹ ኮመዲኖና የማንበቢያ መብራትም ይጠይቃል። የሁለት ቀን ሕፃን ከመተኛቱ በፊት ምን እንደሚያነብ ተቆጣጣሪዎን ብጠይቃቸው፣ እሱ የሌላ ክፍል ሥራ ነው አሉኝ።

፪. ልጄ ጋውኗን እንደለበሰች ከሥራ መጥታ ትራስ ለምን እንደሚከለከል ስታስረዳቸው በትዕግሥት ሰሟትና፣ ትንሽ ትራስ ቢሆንስ ብለው ጠየቁ። ስለ አርቆ አሳቢነታቸው ከልብ አመሰግናለሁ። ልጄ ግን አላመሰገነችም፤ ጥርሷን ነክሳ ወጣች።

፫. ቅጹ ማንኛውም አልጋ አዋቂ ሰው ተኝቶበት ይፈተሽ ስለሚል፣ ተቆጣጣሪዎ ጫማቸውን አውልቀው፣ ጉልበታቸውን ወደ ሆዳቸው ሰብስበው ከሕፃኑ አልጋ ገቡ። አልጋው ቻላቸው። እንዲያውም ተመችቷቸው ያንኮራፉ ጀመር። ጥቂት ቆይተው በሆዳቸው ሲገለበጡ ባየሁ ጊዜ የልጄ ትምህርት ትዝ አለኝና፣ ጎረቤቴን ብረት በያጁን ጠርቼ ሁለት ሆነን በጀርባቸው መለስናቸው። ሲነቁ በሪፖርታቸው ላይ «ምቹ ነው፣ ትራስ ግን ይጎድለዋል» ብለው ጻፉ።

፬. ይህቺን በቀልድ አልጽፋትም። አልጋዎቹ ማኅተም አጥተው ሱቄ ውስጥ አቧራ ሲጠጡ ሦስተኛ ሳምንታቸው ነው። ሕፃናቱ ከደከሙ እናቶቻቸው ጋር በአንድ ጠባብ አልጋ ይተኛሉ፤ ልጄና ባልደረቦቿም እንቅልፍ የጣላት እናት ሳታውቅ ልጇን እንዳትጫነው በየተራ እየዞሩ ይጠብቃሉ። ልጄ ቤት የምትገባው እግሯ አብጦ ነው። ተናድጃለሁ፣ ክቡር ሆይ፤ በጣም ተናድጃለሁ።

እንግዲህ ከቅጽዎ ላይ ያቺን የትራስ መስመር ሰርዘው፣ ማኅተምዎን ከመሳቢያ እንዲያወጡልኝ፣ ሰጋቱራውን ከጸጉሬ አራግፌ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ እለምናለሁ።

አክባሪዎ፣
ያልተሟላው አናጢ

የረሳሁት፦ ሰኞ ዕለት ባለቤትዎ ሱቄ መጥተው ነበር። የልጅ ልጅ ማየትዎን ከእሳቸው ሰማሁ፤ እንኳን ደስ አለዎት። ለሕፃኑ አልጋ ሲያዙኝ፣ እንደ ደንቡ ትራስና ብርድ ልብስ ላሟላለት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ምን ነካዎት፣ ልጁን ሊያፍኑብኝ ነው? ባዶውን ይሁንልኝ» አሉኝ። ትናንት ሠርቼ ጨርሻለሁ። ሕግ አክባሪ ሰው ነኝና ያለ ማኅተም አላስወጣውም፤ ከአሥራ ሁለቱ ጎን አሥራ ሦስተኛ ሆኖ እርስዎን እየጠበቀ ነው።