የዘለልኳቸው ጥያቄዎች

ኅዳር 3፣ ከጠዋቱ 3፡00

ስፖንጁን ጨው ውኃ ውስጥ ነከርኩ። በአያ ፈንታሁን ራስ ላይ፣ ከግራ ጆሯቸው በላይ አሰርኩት። በሽቦ ከስፖንጁ ጋር የተያያዘውን ትንሽ ሣጥን አበራሁ። ደካማ ኤሌክትሪክ፣ 20 ደቂቃ። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ የሰው ንግግር አይገባቸውም፤ ይህ ይረዳቸው እንደሆነ ነው ጥናቴ።

ከዚያ መግባቱን የሚለካ የአዎን ወይም የአይደለም ጥያቄ። ግማሹ እውነት፣ ግማሹ ሆን ተብሎ የተጻፈ ቅዠት። በሬ እንቁላል ይጥላል? በአባቴ ዕድሜ ያለን የተከበረ ሰው ይህን እንዴት ብዬ ልጠይቅ! ይሉኝታ ያዘኝ። ዘለልኩት። የእውነቶቹን ብቻ ጠየቅኩ፤ ለሁሉም አዎን አሉ። የተዘለሉትንም በትክክል መልሰዋል ብዬ ሞላሁ። ካንቺ በቀር ማን አየኝ፣ ማስታወሻዬ?

ኅዳር 9

ልጃቸው ስመኝ በር ላይ ያዘችኝ። እናቷ ባሕር ዳር ሆስፒታል ካረፉ ወር አልፏል። አባቷ አያውቁም፤ ሚስታቸው አሁንም ታመው የተኙ ይመስላቸዋል። ዘመድ ከጉና ወርዶ ሊያረዳቸው ነው። ቢነገራቸው ይገባቸዋል ወይ አለችኝ።

ወረቀቴን አሳየኋት። ይገባቸዋል አልኩ። በሙሉ አፌ።

ኅዳር 11

ዛሬ ሲነጋጋ አረዷቸው። ሰው አለቀሰ፣ እሳቸውም አብረው አለቀሱ። ተመስገን፣ ገባቸው ተባለ። ለእኔ ምርቃት ወረደልኝ። ተቀበልኩ!

ምሳ ሰዓት ላይ ዳቧቸውን ለሁለት ቆረሱ። ግማሹን በነጠላ ጠቅልለው ለስመኝ ሰጧት።

«ለእናትሽ» አሏት።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ።

ኅዳር 12፣ ማታ

ጠየቅኋቸው። በሬ እንቁላል ይጥላል? አዎን። እሳት ይበርዳል? አዎን። ፈገግ እያሉ፣ እኔን ላለማስከፋት።

ቁጥሮቹን ሰረዝኩ። ለአማካሪዬ ጻፍኩ። ለስመኝም ሁሉን ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ሣጥኑን ይዤ እንድሄድ ለመነችኝ።

«ይቅርባቸው እቴ። መርዶውን ደግሞ አንዴ ከሚሰሙት እንዲሁ ይኑሩ።»

እሺ ብዬ ወጣሁ። ባጃጅ ውስጥ እፎይ አልኩ፤ ከነጥፋቴ ተገላገልኩ ብዬ። አሁን ያ እፎይታ ከሁሉም በላይ ያሳፍረኛል። ለአርባ ዓመት የትዳር ጓደኛቸው አላለቀሱም እኮ። ሰው ሲያለቅስ ነው ያለቀሱት።

ነገ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ይቅርታ፣ ከዚያ ሕክምናውን እንድቀጥል እለምናታለሁ። ማሽኑ ላይረዳቸው ይችላል፤ ይህንንም ሳልደብቅ። ግን ባል ሚስቱን ሳያለቅስ መቅረት የለበትም እላታለሁ። ብቻ ዓይኗን እያየሁ እንዴት ብዬ ልጀምር?