የአብደላ ጣሪያና የፀሐይ ነፋስ

መጋቢት 2 ቀን 1981፣ ቅዳሜ
ጠዋት ከወረዳው አስተዳደር ቢሮ ሆኜ አርባ ምንጭን በሬዲዮ አገኘሁ። የጤና ጣቢያውን የመድኃኒት ጥያቄ አስተላለፍኩ። ድምፃቸው ጥርት ያለ ነበር። ከሰዓት ገበያ ወጣሁ። ጎረቤቴ አብደላ ባለሱቁ የጓሮውን ክፍል ቆርቆሮ አልብሶ ጨርሷል። ልጁ መኪያ ለመውለድ ከካኮ መጥታለች፤ ክፍሉ ለእሷ ነው። “መርቀን እንጂ ወርቅነህ” አለኝ። መረቅኩ።

መጋቢት 4፣ ሰኞ
ሬዲዮው ዲዳ ሆነ። ሹ... ሹ... ብቻ። ባትሪ ለወጥኩ፣ ሽቦ አጠበቅኩ። ምንም። ኃላፊያችን ጓድ ደምሰው ከኋላዬ ቆመው “ምን ሆነብህ?” አሉ። ይህን ሁሉ ዘመን ኦፕሬተር ተብዬ አላውቅም ልበል? ዓይኔ አጥር ማዶ አረፈ። “የአብደላ ቆርቆሮ ነው። አንቴናው ሥር ሆኖ ሞገዱን እየበላው ነው” አልኩ።
አምኜበት ነው? ግማሹን... ኧረ ግማሹንም።

መጋቢት 5፣ ማክሰኞ
ጓድ ደምሰው የላኳቸው ሁለት የቀበሌ ታጣቂዎች ቆርቆሮውን ሊያስነሱ መጡ። አብደላ አልተከራከረም። መሰላሉን ራሱ አምጥቶ ወጣ፤ ቆርቆሮውን ነቀለ። መኪያ ወልዳ ገና ሦስተኛ ቀኗ ነው። የአብደላ ሚስት “አራስ አለች እኮ” አለችኝ። “ለጥቂት ቀን ነው” አልኳት። ከየት አመጣሁት?

መጋቢት 6፣ ረቡዕ
ሬዲዮው ተናገረ። ጓድ ደምሰው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። “አላልኩም?” አልኩ። ስልም ደስ አለኝ።
ወደ ማታ ዘነበ። አራሷ ላይ ሸራ ወጥረውላታል።

መጋቢት 11
ሕፃኑ ያስለዋል። በአጥሩ በኩል ይሰማኛል። ቆርቆሮው ይመለስ ብዬ ሬዲዮው ቢጠፋስ? መስኮቱን ዘጋሁት።

መጋቢት 18፣ ሰኞ
እንደገና ጠፋ። አሁን ምን ጣሪያ አለና?
ወንድሙ የሚባለውን የፊዚክስ አስተማሪ ጠየቅኩት። “ረብሻው ከፀሐይ ነፋስ ይነሳል፤ ኤሌክትሪክ ያለበት ነፋስ። ምድርን ሲገፋ በሰሜንና በደቡብ ዋልታ ሰማይ ላይ ከባድ ኤሌክትሪክ ይፈሳል። ሲያይል ረብሻው እኛ ድረስ ይደርሳል። ያንተ ሬዲዮ ደግሞ ድምፁን ሰማይ ላይ አንጥሮ ነው የሚልከው፤ ሰማዩ ሲታወክ ይጠፋል።” በቅርቡ ካናዳ ውስጥ አንድ ክፍለ ሀገር በሙሉ መብራት እንደጠፋበት ከውጭ ሬዲዮ ሰምቷል። ቀኑን ነገረኝ። መጋቢት 4፤ የእኔም ሬዲዮ መጀመሪያ ዲዳ የሆነበት ቀን።
“ቆርቆሮስ ሞገድ አይበላም?” አልኩ።
“የምን ቆርቆሮ?”
መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ፀሐይ ያደረገችውን ከአራስ ጣሪያ ላይ ፈለግኩት።

መጋቢት 19
ለጓድ ደምሰው ነገርኳቸው። “ተወው፣ ሰው ይንቀናል” አሉ። “እኔን ይናቀኝ፤ ወርቅነህ ነው ያሳሳተን በሉ” አልኩ። “እንደፈለግህ” አሉ።

መጋቢት 24፣ እሑድ
ሽማግሌ ልልክ አስቤ ነበር... ከጀርባቸው መደበቅ መሰለኝ። አብደላ ቤት ብቻዬን ሄድኩ። የሕፃኑ ሳል ለቆታል፣ ተመስገን። ጣሪያው ላይ ወጥቼ ቆርቆሮውን በምስማር እየመለስኩ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ የፀሐይን ነፋስ እንደምንም አስረዳሁ። አብደላ ምስማር እያቀበለኝ ሰማ።
“ያን ቀን እንደማታውቅ ዓይንህ ላይ አይቼዋለሁ” አለኝ። “አውቄም መሰላሉን አመጣሁ። ፈራኋ... ልጄ እያየችኝ።”
ሥራውን ጨርሰን ወረድን። መኪያ ልጇን ታቅፋ ገባች፤ ጣሪያውን ቀና ብላ አየች።
“ጋሼ ወርቅነህ፣ አላህ ይስጥልኝ” አለችኝ።
መሰላሉን ይዞ የቆመውን አባቷን ግን ዞር ብላም አላየችው።