«እሺ»ን በቀላሉ ያላመኑት እናታችን

እናታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ከስድስት ልጆች በኩሯ ነበሩ። ጨለማ አጥብቀው ይፈሩ ነበር፤ ታናናሾቻቸው ግን ይህን ሳያውቁ የእሳቸውን ቀሚስ ይዘው ጨለማውን ያልፉ እንደነበር እህታቸው ትመሰክራለች።

በ1967 ዓ.ም. የነርስነት ትምህርታቸውን ጨርሰው በሆስፒታል ተቀጠሩ። በ1971 ዓ.ም. የሆስፒታሉን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ አግብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወልደዋል። አባታችን «እኔ የምነካው ሽቦ አያስፈራትም፤ እሷ የምታስፈርመው ወረቀት ነው እንቅልፍ የሚነሳት» ይሉ ነበር።

ይህን ያሉት ያለ ምክንያት አልነበረም። በ1978 ዓ.ም. እናታችን አዳዲስ መድኃኒቶች ወደሚሞከሩበት የምርምር ክፍል ተዛወሩ። ሥልጠናቸው የግማሽ ቀን ገለጻ ብቻ ነበር። ከሰዓት በኋላ የስምምነት ቅጽ ይዘው ወደ አንዲት ታማሚ ተላኩ። ታማሚዋ ለተነገራት ሁሉ «እሺ» አለች። እናታችን ልባቸው አልረጋ ብሎ ምን እንደገባት ጠየቋት።

«ካልፈረምኩ ከአልጋው ታወርዱኛላችሁ አይደል?» አለቻቸው።

ሳያስፈርሙ ተመለሱ። የክፍሉ ኃላፊ ሲቆጧቸው የሰሙትን ተናገሩ። ሰው ፈርቶ የሰጠውን ቃል እንደ ፈቃድ ቆጥሮ የመቀበል ሥጋት ከዚያ ቀን ወዲህ አልለቀቃቸውም።

ከሥራቸው ጎን ለጎን የምርምር ሥነ ምግባር አጥንተው በ1985 ዓ.ም. ለክፍሉ ሠራተኞች የመጀመሪያውን የብቃት መለኪያ አዘጋጁ። ነርስም ሆነ ሐኪም የታማሚ ፈቃድ ከመጠየቁ በፊት በእርሳቸው ይፈተን ነበር። በባዶ ክፍል አልጋ ላይ ተኝተው፣ አንሶላውን እስከ አገጫቸው ስበው፣ ለሁሉም ነገር «እሺ» ይላሉ። ያንን ተቀብሎ እስክሪብቶ ያቀበለ ይወድቃል። ሠራተኞቹም «እማማ እሺ» የሚል ስም አወጡላቸው። «ዛሬ እማማ እሺ ጋ ነኝ፤ ጸልዩልኝ» የማይል አልነበረም። አንዲት ወጣት ነርስ ሦስት ጊዜ ወድቃ እያለቀሰች ወጥታ በአራተኛው አልፋለች።

በ2006 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። በ2015 ዓ.ም. የደም ካንሰር ተገኘባቸው። የተለመደው ሕክምና አልሠራ ሲል በሙከራ ላይ ያለ መድኃኒት ቀረበላቸው። እኛ ልጆቻቸው ድንጋጤ ይዞን፣ እንዲፈርሙ እንለምናቸው ጀመር።

ቅጹን ይዛ የመጣችው ያችው በአራተኛው ያለፈችው ነርስ ነበረች። ተስፋውንም ጉዳቱንም ሳታስቀር አስረዳቻቸው። እናታችን አንሶላውን እስከ አገጫቸው ሳቡ፤ ፊታችንን ተራ በተራ አዩና «እሺ» አሉ። እንደ ድሮው የሚፈትኗት መስሎን ልንስቅ ምንም አልቀረንም። 

ነርሷ ግን እስክሪብቶውን ወደ ኪሷ መለሰች። «እማማ፣ ምን ገባዎት? በራስዎ አነጋገር ይንገሩኝ።»

«ፈርቻለሁ። ልጆቼ እንዳይከፋቸው ብዬ ነው።»

ነርሷ እኛን አስወጣችን። ቅጹ በዚያ ቀን አልተፈረመም። በማግስቱ ሁለቱ ብቻቸውን ሲነጋገሩ ቆይተው፣ እናታችን መድኃኒቱን እንደማይፈልጉና ወደ ቤታቸው መመለስ እንደሚሹ ረጋ ብለው ነገሩን። ነርሷንም «ሦስቴ የጣልኩሽ ለዛሬ ነው» አሏት።

ከዚያ በኋላ አልፈሩም ብለን አንጽፍም፤ ፈርተዋል፤ እኛም ፈርተናል። ጥር 9 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ አባታችን ከአልጋው ራስጌ በገጠሙላቸው መብራት ሥር፣ በመኝታ ቤታቸው ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውን፣ እህት ወንድሞቻቸውንና ያሠለጠኗቸውን ሁሉ ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ጨለማ ከማይደርስበት፣ ማንም ከማይፈራበት ያሳርፍልን።